ስንቅን በጀርባ ተሸክሞ ከጅማ እስከ ጌራ ስለ መሄድ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቅቤ አነጣጠር ጽፈን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከማጀት ወጥተን ስለ መንገድ ለመጻፍ አሰብን።

ከዚህ ቀደም በአገራችን ማዕርግ ያለው ሰው መንገድ ሲሄድ በበቅሎ ተቀምጦ፥ ጓዙን በአጋሰስ አስጭኖ፥ ስንቁንና ድንኳኑን ሎሌ አስይዞ ነበር። ስልቻውን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ የተገኘ እንደ ሆነ ወይ የቸገረው ወይ የሸሸ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ከአውሮጳና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣቶች፥ የባለጸጎች ልጆች ሳይቀሩ፥ አንድ ትልቅ ከረጢት በጀርባቸው አዝለው የሰው አገር ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ እናያለን። የእኛም ልጆች ይህን ልማድ ወደውታል።

የእኔም ልጅ ዕድሜው 22 ዓመት ሲሆን፥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆየ። በጥር ወር ለትምህርት ወደ ሕንድ አገር የሚሄድበት ወረቀት መጥቶለት ስለ ነበረ ገንዘቡ ለዚያ መስሎኝ ነበር። ስጠይቀው ግን፥ «አባባ፥ ከሕንድ ኔፓል ቅርብ ነው፤ በሂማልያ ተራራ ሥር በእግሬ ልጓዝበት ነው» አለኝ። እኔም ወዲያው ክርክር ገጠምሁት። «የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ከባሕር ወለል በላይ 1400 ሜትር ያህል ናት፤ ጅማ ከ1700 ሜትር በላይ፥ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው። ከላይ ወደ ታች ወርዶ ተራራ የሚፈልግ ማን ነው?» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ የኤቨረስት ተራራ 8849 ሜትር መሆኑን ነገረኝና ዝም አሰኘኝ። ቀጥሎም፥ «አባባ፥ እርስዎ ጅማን ያውቁታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጅማ ለሥራ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የማውቀው ግን ያደርሁበትን ሆቴል፥ ስብሰባ የተቀመጥሁበትን አዳራሽና የመኪናውን መስኮት ነው። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና እጠጣለሁ፤ ቡና ከዛፉ ላይ ሲለቀም ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከማፈር እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ «አላውቀውም» አልሁት። «እንግዲያውስ ከመሄዴ በፊት አብረን በእግራችን እንየው» አለኝ። ከእርሱ ጋራ የቀሩኝ ቀኖች የተቆጠሩ መሆናቸውን አስቤ እሺ አልሁ።

ስለ ጓዝ ጥቂት ልናገር፤ ይህ ለቤት እመቤቶች ይጠቅማልና። እናቱ በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ሁለት ብርድ ልብስ፥ የሻይ ማፍያና አንድ ጠርሙስ ማር አዘጋጀች። ማር ወደ ጅማ መውሰድ ጨው ወደ አፋር እንደ መውሰድ መሆኑን ብንነግራትም አልሰማችንም። ልጄ ሁሉን በሚዛን ላይ አውጥቶ ከ10 ኪሎ የበለጠውን መለሰ። እኔ ሌሊት ተነሥቼ ድርቆሹን መልሼ ከተትሁት፤ ኋላም በዚያ ድርቆሽ ተመስግኛለሁ። በእግር ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው የለመደው ጫማ፥ አንድ ቅያሪ ልብስ፥ የዝናብ ካፖርትና የሚበላ ነገር ነው። ለሚያሳድሩ ሰዎች የሚሰጥ ሳሙናና ስኳርም አይቅር። በገጠር ቤት አድሮ ገንዘብ መስጠት አሳዳሪውን ያሳፍራል፤ ሳሙና ግን በደስታ ይቀበሉታል።

በኅዳር ወር በአውቶቡስ ተነሣን። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጊቤ ሸለቆ ሙቀት በቀር ስለ እርሱ የምለው የለኝም። ጅማ አድረን በማግሥቱ ማለዳ ከረጢታችንን አዝለን ወደ ጅረን ኮረብታ ወጣን። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመኪና ለሚሄድ ሰው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ልጄ አንብቦ እንዳያርመኝ ነው።

በጅረን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ሥራው ከእንጨት ነው፤ ሰገነቱና የበረንዳው ቅርጽ ዓይን ይይዛል። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው፥ ግብራቸውን በየዓመቱ እየሰጡ፥ አገራቸው ሳትወጋ በራሳቸው ሹማምንት ሲያስተዳድሩ ኖሩ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሰው ዛሬ የከተማውን ቆርቆሮ ያያል፤ ያን ጊዜ ግን በዚያ ሜዳ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ይቆም ነበር። ከየአገሩ የሚመጡ ነጋዴዎች ቡና፥ ማር፥ የዝባድ ሽቶ፥ የዝሆን ጥርስ ይገዙበትና ይሸጡበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ልጄ በበረንዳው ላይ ቆሞ ይህን ሲሰማ ረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ እኔም ምንም አልጨመርሁም።

ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንቅ እየበላን፥ ከእኛ በፊት በእግርና በበቅሎ በዚህ አገር ስላለፉት የውጭ ሰዎች አጫወትሁት። በዚያ ዘመን በጊቤ ዙሪያ ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ የሚባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ። በመካከላቸው ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበረ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለውም በኬላ በኩል፥ ንጉሡ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በ1843 ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ወደ እናርያ ንጉሥ ወደ አባ ባጊቦ መጣ። ወደ ከፋ ሊሻገር ፈልጎ አልተቻለውም ነበር፤ በመጨረሻው ለንጉሡ ሙሽራ ሊያመጡ ወደ ከፋ ከሚሄዱት መልእክተኞች ጋራ ተደባልቆ አለፈ። ዳባዲ በመሣሪያው የተራራውን ሁሉ አቀማመጥ እየለካ የጻፈ ብርቱ ሰው ነበር። ነገር ግን ጊቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ በብርቱ ተከራከረ፤ በዚህም ተሳሳተ። ጊቤ ወደ ኦሞ፥ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርድ መሆኑ በ1896 በቦቴጎ ጉዞ ተረጋገጠ። ይህን ሁሉ ተራራ በትክክል ለክቶ በአንድ ወንዝ መሳሳቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የሁለቱ ኢጣልያውያን፥ የአንቶኒዮ ቼኪና የጆቫኒ ኪያሪኒ ዕድል ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ወደ ከፋ ሊሄዱ ጌራ ሲደርሱ የጌራ ንግሥት ያዘቻቸው። ኪያሪኒ በ1879 በዚያው በጌራ ሞተ፤ ቼኪ በ1880 በጎጃሙ ገዥ በራስ አዳል ጥያቄ ተለቀቀ። ራስ አዳል ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ናቸው። ልጄም ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያውስ ወደ ጌራ እንሂድ፤ ኬላውን ማን እንደሚጠብቀው እንይ» አለ። የመንገዳችን አቅጣጫ በዚህ ተቆረጠ።

በማግሥቱ እስከ መንገድ እኩሌታ በመኪና ሄደን፥ የቀረውን በመንደሮቹ ውስጥ ለውስጥ ወደ አጋሮ በእግራችን ሄድን። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የጎማ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ወራቱ የለቀማ ወራት ነበረ። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የቡናው ዛፍ ቀይ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሞአል፤ በየደጁም በእንጨትና በሽቦ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተሠራ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቶአል። ሽታው እንደ ተቆላ ቡና አይደለም፤ እንደ በሰለ ፍራፍሬና ወደ ጠጅ እንደሚሄድ ነገር ነው። የማያውቅ ሰው ቡና መሆኑን አይጠረጥርም።

አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋራ ሲለቅሙ አግኝተን እንድንረዳቸው ለመንናቸው። ሳቁና ቅርጫት ሰጡን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የልጄን ቅርጫት በሰፌድ ላይ ገልብጠው አረንጓዴውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቀሙና በመዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ያልበሰለ ፍሬ ከበሰለው ጋራ የተደባለቀ እንደ ሆነ የቡናውን ጣዕም ያበላሸዋል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንስበታል። የእኔን ቅርጫት ግን ምንም ሳይሉ ወሰዱት፤ ስለ ሽበቴ መሆኑን ኋላ ተረዳሁ። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ተለቅሞ፥ ደርቆና ተፈልፍሎ የሚገኘው አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ነው። እሸቱ በአልጋው ላይ ሁለት፥ ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም አራት ሳምንት ይቆያል፤ በየጊዜው በእጅ መገላበጥ አለበት፤ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈናል። ይህን ካየሁ ወዲህ በቤቴ የቀዘቀዘ ቡና ሲደፋ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ በዚህም ምክንያት ከባለቤቴ ጋራ ሁለት ጊዜ ተነጋግረናል።

እኒያው እናት ዛፎቻቸውን ሲያሳዩን አንዱን «ሰባ አራት መቶ አሥር» ብለው ጠሩት። የዛፍ ስም ቁጥር መሆኑ አስደነቀኝ፤ ነገሩ ግን ታሪክ አለው። በ1971 የቡናን ፍሬ በዛፉ ላይ አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ በአገራችን ታየ። ከጅማ ከተማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ሊቃውንት፥ በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች ከየጫካውና ከየገበሬው ማሳ እየፈለጉ ዘራቸውን አባዙ። በ1974 የተመረጡት ዛፎች ቁጥራቸው በ74 ይጀምራል፤ 74110 የተባለውም ከኢሉባቦር፥ ከመቱ አካባቢ የተገኘ ነው። እንግዲህ ያ ቁጥር የአንድ ክፉ ዘመን ማስታወሻ ሆኖ በገበሬዎቹ አፍ ይኖራል።

ከአጋሮ ወደ ጮጬም ወጣን። የጎማ ሰዎች ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየው በዚህ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ የለም፥ በእኛ ነው ይላሉ። የእረኛውን ተረት በ1671 በሮም ከተማ ናይሮን የተባለ መምህር አሳትሞታል፤ በዚያ መጽሐፍ ግን የእረኛው ስም የለም። ሊቃውንት የሚያረጋግጡት የቡና ዛፍ በዱር የበቀለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑን ነው፤ ጫካውም የወረዳ ወሰን አያውቅም። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ በጮጬም በከፋም ቡና ሊጋብዙኝ ይችላሉና።

በአራተኛው ቀን ወደ ጌራ አቀናን። እስከ መንገዱ እኩሌታ የጭነት መኪና አሳፈረን፤ ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው። ዛፎቹ እጅግ ረዣዥሞች ናቸው፤ በቅርንጫፎቻቸው ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎአል፤ ጉሬዛዎችም ነጭ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከላያችን ይዘላሉ። ኅዳር መሆኑን ሳያይ ዝናብ መጣ፤ በዚያ አገር ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። አንድ ወንዝ ስንሻገር በቀይ ጭቃው ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ቀኝ ጉልበቴም ወዲያው አበጠ። ልጄ ደንግጦ፥ «አባባ፥ ያምዎታል?» አለኝ። «አያመኝም» አልሁትና ልነሣ ብሞክር አልቻልሁም። ከዚያ የእኔን ከረጢት በደረቱ፥ የራሱን በጀርባው አድርጎ ክንዴን በትከሻው ላይ አኖረና፥ «ቼኪን ንግሥት ያዘችው፤ እርስዎን ጉልበትዎ ያዘዎ» አለ። ሕመሙ እያለ ሳቅሁ። ሕፃን ሳለ እኔ አዝዬው በሄድሁበት ትከሻ መጠን ዛሬ የእርሱ ትከሻ ከፍ ብሎ እንደሚያልፈኝ ያወቅሁት በዚያ ዳገት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጭስ የታየበት ቤት የአንዲት አሮጊት ቤት ነበረ። እኛ ኦሮምኛ አናውቅም፥ እርሳቸው አማርኛ አያውቁም። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ ኖሬ፥ ይህን ያህል ሕዝብ የሚናገረውን ቋንቋ ሰላምታውን እንኳ አለማወቄ ከጉልበቴ ይልቅ አሳመመኝ። ደግነቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የልጅ ልጃቸው አስተረጐመልን። አሮጊቷ ምንም ሳይጠይቁ ጉልበቴን በሙቅ ውኃ አጠቡ፥ በቅቤ አሹ፥ በጨርቅም አሰሩ። ቡናውን አፈሉ፤ ጨው ያለበት ነበር። ልጄ አንደኛውን ሲኒ እንደ መድኃኒት ጠጣ፤ ሦስተኛውን ግን ራሱ ለመነ። እኛም የድርቆሹን ከረጢት ፈታን፤ ሁሉም ወደዱት። የባለቤቴን ማር ማውጣት ግን አፈርን፤ በቤቱ ጥግ በጋን የተቀመጠ የጌራ ማር ነበረና።

ማታ በእሳቱ ዙሪያ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ወደ ሕንድ መሆኑ ሲነገራቸው፥ የእርሳቸውም ሴት ልጅ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሥራ አምስት ዓመት መቆየቷን ተናገሩ። በየዓርቡ ትደውላለች። በቤቱ ግን ስልክ አይሰማም፤ ስልክ የሚይዝበት ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ነው። «ነገ ዓርብ ነው» አሉ በኦሮምኛ፤ ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

በማለዳ ጎረቤታቸው በቅሎ አመጡልኝ። ክቡራን አንባቢዎቼ፥ እንደ ጥንቱ ሰው በበቅሎ ተቀምጬ፥ ልጄ ሁለት ከረጢት ተሸክሞ ከኋላዬ ሲከተል እንድታዩኝ እወድ ነበር። ወደ ጪራ የሚሄደው መንገድ በዚያው ኮረብታ ላይ ያልፋል፤ አሮጊቷም አብረውን ወጡ። በኮረብታው ላይ ሌሎች አራት ሴቶች፥ እያንዳንዳቸው ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፥ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው ተቀምጠዋል። ድምፅ አያሰሙም። ከጪራ ወደ ጅማ የሚሄደው የማለዳ መኪና እንዳያመልጠን ፈርቼ «እንሂድ» አልሁት። ልጄ ከረጢቶቹን አውርዶ ከሴቶቹ አጠገብ ተቀመጠ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። የሁለቱ ሴቶች ስልክ ጮኸ፤ የአሮጊቷ ግን ዝም አለ። እኔ መኪናው ማምለጡን አውቄ ስለ እርሱ መናገር ተውሁ። በመጨረሻው ጮኸ። አሮጊቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብድግ አሉ፤ ሳቁ፥ ተቆጡ፥ ደግሞ ሳቁ። ቀጥለው ስልኩን በልጄ ጆሮ ላይ አደረጉት። እርሱም ማታ የተማረውን ሁለት የኦሮምኛ ቃል፥ «ነጋ» እና «ገለቶማ» ብሎ የሚጨምረው ቢያጣ፥ «እናትዎ ደኅና ናቸው፤ ትላንት አብሬያቸው ነበርሁ» አለ በአማርኛ። በወዲያኛው በኩል ያለችው ሴት ምን እንዳለችው አልነገረኝም።

ስንሰናበት አሮጊቷ በከረጢቱ ባዶ ኪስ ሁለት ኪሎ የሚያህል ጀንፈል አፈሰሱበት። ጪራ ደረስን፤ በኬላውም ላይ የጠበቀን ሰው የለም፤ መኪና እስኪመጣ ድረስ ግን እንደ ቼኪ ጌራ ላይ ቆየን፥ እርግጥ ሌሊት ብቻ።

አዲስ አበባ ስንገባ ባለቤቴ ቡናውን አይታ፥ «ይህ ከነገለባው ነው፤ ማን ይወቅጠዋል?» አለች። በቤታችን ሙቀጫ አልነበረም፤ ከጎረቤት ተዋስን። ልጄ በግቢው መካከል ቆሞ ሲወቅጥ ግማሹ ፍሬ ወደ አጥር እየዘለለ፥ የሠፈሩ ልጆች እየለቀሙ ይመልሱለት ነበር። የወተቱ ቆርቆሮ ገንዘብ እንዳለ ነው፤ ኔፓልንም አልተወውም። እየወቀጠ ሳለ ቀና ብሎ፥ «እማማ፥ ከሕንድ የምደውልልሽ ዓርብ ዓርብ ነው» አላት። እርሷም፥ «ለምን ዓርብ? እሑድ አይሻልም ወይ?» አለችው። «ዓርብ ነው» አለና መውቀጡን ቀጠለ።